ቁርስ በላሽ?

«ቁርስ በላሽ?»

ኂሩት በስልክ እንዲህ ብላ ስትጠይቃት ውብነሽ የወጥ ቤቱን ወንበር በእግሯ ሳበችና ተቀመጠች።

ሃያ ዓመት ሲደዋወሉ ኂሩት ስለ ሰው ቁርስ ጠይቃ አታውቅም። የእሷ ስልክ ሰላምታ እንኳ በቅጡ አያስጨርስም፤ ወይ የምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ አለቃ አናዳታለች፣ ወይ የቤቷ ማሞቂያ ተበላሽቶ ከማዘጋጃ ቤቱ የሚጠግን ሰው አልመጣላትም። ደግሞ ዕለቱ እሑድ ነው። እሑድ በዚህ ሰዓት ኂሩት ነጠላዋን አጣፍታ ቅዳሴ ላይ መቆም፣ ስልኳም መዘጋት ነበረበት።

«ቤተ ክርስቲያን አልሄድሽም እንዴ?» አለች ውብነሽ።

«ትንሽ አሞኝ ነው። በላሽ ወይ ግን?»

«በልቻለሁ» ብላ ዋሸች። ከትናንት ማታ ጀምሮ ከውሃ በቀር በአፏ የዞረ ነገር የለም።

«ጎሽ። ቤት ነሽ አይደል? እንዳትወጪ፣ ብቅ እላለሁ።» ስልኩ ተዘጋ።

አገር ቤት ያደገ ሰው ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። ዘመድ የሞተበት ሰው በባዶ ሆዱ መርዶ አይነገረውም፤ ይወድቃል ተብሎ ይፈራል። ስለዚህ መጀመሪያ መብላቱ ይጣራል፣ ቤቱ መኖሩ ይጣራል፣ ከዚያ የሚወዱት ሰዎች ተሰባስበው በማለዳ በሩን ያንኳኳሉ። በስልክ ማርዳትማ ነውር ነው። የለንደን ኑሮ ብዙ ነገር አስጥሏል፣ ይህን ግን አላስጣለም።

ውብነሽ ነገሩን ከውስጥ ታውቀዋለች። የጓደኛቸው የአዲስዓለም ወንድም አገር ቤት የሞተ ጊዜ፣ ሆሎዌይ መንገድ ዳር በቆመ መኪና ውስጥ ሰው እስኪሟላ ተቀምጠው ከጠበቁት አንዷ እሷ ነበረች። ደውላ «ቁርስ በላሽ?» ያለችውም ራሷ ናት። አዲስዓለም «አዎ፣ አሁን ጨረስኩ» ስትል፣ ተመስገን ብላ ስልኩን የዘጋችው ትዝ አላት።

ልጇ ብሩክታዊት ስኮትላንድ ነበረች። በጥር ብርድ፣ በረዶ የለበሰ ተራራ ልትወጣ ሄዳ።

ይህ የተራራ ነገር ከየት እንደመጣባት ውብነሽ ዛሬም አታውቅም። በዘር የለባቸውም። ብሩክታዊት የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ ቀን ቀን ባንክ ውስጥ ኮምፒዩተር ላይ ተደፍታ ትውላለች፤ ከሥራ ስትወጣ ደግሞ ሆሎዌይ አጠገብ ካለ የድሮ መጋዘን ሄዳ ግድግዳ ትወጣለች። ውብነሽ ይህን መጀመሪያ ስትሰማ ከልቧ ሳቀች። ሦስተኛ ፎቅ ለመውጣት ሊፍት የምትጠብቅ ልጅ፣ ከፍላ ግድግዳ ልትወጣ! በኋላ ግን ነገሩ ከግድግዳው ወደ ዌልስ ቋጥኝ፣ ከቋጥኙ ወደ ስኮትላንድ በረዶ ተሸጋገረ። ከጫማ ሥር የሚታሰር ጥርሳም ብረትና እንደ ዶማ የቆለመመ የበረዶ መጥረቢያ ቤት ውስጥ ሲገባ የውብነሽ ሳቅ አለቀ።

«እማዬ፣ የምትፈሪው ስለማታውቂው ነው» ብላ አንድ ቅዳሜ ወደ መጋዘኑ ወሰደቻት። ወገቧና ጭኗ ላይ መታጠቂያውን አሰረችላት፤ ገመድ አስያዘቻት። የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ የምትሠራ የሃምሳ ሰባት ዓመት ሴትዮ፣ ከቀሚሷ ሥር ሱሪ ለብሳ፣ ጎረምሶች መሀል ቆመች።

«አንቺ የእኔን ቋጠሮ ታያለሽ፣ እኔ ያንቺን አያለሁ» አለቻት ብሩክታዊት። «ማየት ብቻ አይበቃም። ጮክ ብለን እንናገራለን፤ ደህናውንም፣ መጥፎውንም።»

ልጅቷ ወጣች። ጣሪያው አጠገብ ስትደርስ ቁልቁል ሳታይ «እማዬ፣ ያዝሽኝ?» ብላ ጮኸች። ውብነሽ ገመዱን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛዋለች፤ ድምፅ ግን አልወጣ አላት።

«እማዬ! ያዝሽኝ ወይ?»

ዝም። ብሩክታዊት ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈች እግሯ መርገፍገፍ ጀመረ። በመጨረሻ አጠገባቸው የነበረ አንድ ሰውዬ «ይዛሻለች!» ብሎ ጮኸላት። ወርዳ፣ በነጭ ዱቄት የተለቀለቁ እጆቿን እናቷ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ «ገመድ ላይ ዝም አይባልም፣ እማዬ» አለቻት። «ዝም ስትዪኝ ከታች ማንም የሌለ ነው የመሰለኝ።»

ያን ቀን ተስማሙ። ውብነሽ «አትሂጂ» ማለቷን ትተዋለች፤ ብሩክታዊት ደግሞ ሁልጊዜ መውጣት ከመጀመሯ በፊት በየት በኩል እንደምትወጣ ደውላ ትነግራታለች። ውብነሽ አንዱን የስኮትላንድ ተራራ ከሌላው አትለይም። መስማቱ ግን ይረዳታል፤ ቢያንስ የምትፈራበትን ቦታ ታውቀዋለች።

ትናንት፣ ቅዳሜ ማለዳም ደውላ ነበር። ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ያፏጫል።

«እማዬ፣ ፕላኑን ቀየርነው። ትናንት የነገርኩሽ ቦታ ሪስኪ ነው፣ ነፋሱ ብዙ ስኖው ከምሮበታል። እኔና ጓደኛዬ ኬቲ ከኋላ እንዞራለን። ከትንሿ ሐይቅ በስተግራ ያለው፣ ፀሐይ የማይነካው ጎን። ኢዚ ነው፣ ፕሮሚስ። አብረውን መጥተው እቤት ለተኙት ልጆችም ቴክስት አደርጋለሁ፣ ሲግናል ካገኘሁ።»

«ጓንትሽን አድርገሻል?»

«እማዬ!»

«አድርገሻል ወይ?»

«አድርጌያለሁ። ስንወርድ እደውላለሁ። ባይ።»

አልደወለችም። ውብነሽ አመሻሽ ላይ ሞከረች፣ ስልኩ ዝግ ነው። ባትሪ ጨርሳ ይሆናል አለች። ከዚህ በፊትም እኩለ ሌሊት ላይ ወርዳ፣ በማግስቱ እየሳቀች የደወለችበት ጊዜ አለ። ውብነሽ ያን አንድ ቀን እያሰበች ሌሊቱን ሙሉ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ለፖሊስ መደወል ታውቃለች፤ ቁጥሩን ማንም ያውቀዋል። ግን ከጠየቁ መልስ ይሰጣል፤ እሷ ደግሞ መልሱን ፈራች።

አሁን ደግሞ ኂሩት ቁርስ በላሽ ወይ አለቻት።

ተነሥታ በወጥ ቤቱ መስኮት ቁልቁል አየች። የጋሽ መኩሪያ ብርማ ቶዮታ ከቆሻሻ ገንዳዎቹ አጠገብ ቆሟል። ጋሽ መኩሪያ የአውቶቡስ ሹፌር የነበሩ ጡረተኛ ናቸው፤ የመረዳጃ ማኅበሩ ሊቀመንበርም እሳቸው ናቸው። ክርስትናም ሰርግም ላይ ይጠራሉ፤ ሳይጠሩ የሚመጡት ግን ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ሞተሩን አጥፍተው እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ኂሩት አለች፤ አልታመመችም። ጥቁር ካፖርት ለብሳለች።

አይወጡም። ሰው እየጠበቁ ነው።

ውብነሽ መጋረጃውን ለቀቀችው። ወዲያው ደግሞ ገለጥ አድርጋ አየች። ሁለተኛ መኪና መጣ፤ ዲያቆን ጢሞቴዎስ ከሚስቱ ጋር ወረዱ። ከአውቶቡስ ማቆሚያው በኩል አዲስዓለም ብቻዋን፣ አንገቷን ደፍታ መጣች። ሲገናኙ አልተሳሳቁም፣ ትከሻም አልተጋጩም፤ ኂሩት ብቻ መሀረቧን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ ቀና ብለው ወደ መስኮቷ አዩ።

ፈራች። እንዲህ ያለ ፍርሃት በዕድሜዋ አታውቅም፤ የሱዳንን ድንበር በእግር ስትሻገር እንኳ፣ ክሮይደን የስደተኞች ቢሮ ስሟ እስኪጠራ ስትጠብቅ እንኳ እንዲህ አልነበረም። ልጄ፣ አለች በአፏ። ልጄን።

ሮጣ በሩን ሁለት ጊዜ ቆለፈችው። ሰንሰለቱንም አስገባች። ሞኝነት መሆኑን ታውቃለች፤ ግን እነዚያ ሰዎች ገብተው፣ ተቀምጠው፣ ጋሽ መኩሪያ ጉሮሯቸውን ጠርገው እስኪናገሩ ድረስ ብሩክታዊት አልሞተችም። በሩ እስካልተከፈተ ድረስ ልጅ አላት። የምትይዘው ሌላ ነገር አልነበራትም፤ በሩን ያዘች።

ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። የብዙ ሰው ኮቴ፣ ቀስ ያለ። ከዚያ ማንኳኳቱ መጣ።

«ውቤ፣ እኔ ነኝ» አለች ኂሩት።

«ሂዱ!»

«ክፈቺልን እንጂ የኔ እመቤት።»

«ሂዱ ብያለሁ! በልቻለሁ፣ ደህና ነኝ፣ ሰው አልፈልግም! ኂሩት፣ በማርያም፣ ይዘሻቸው ሂጂ!»

ከውጭ ሹክሹክታ ሆነ። አዲስዓለም ማልቀስ ጀመረች፤ አንዱ ዝም በይ አላት። ጋሽ መኩሪያ በዝግታ «ወይዘሮ ውብነሽ፣ ልጄ፣ በር ላይ የሚወራ አይደለም፤ ገብተን እንቀመጥ» አሉ። ውብነሽ ጆሮዎቿን በመዳፎቿ ደፈነች። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ወለሉ ላይ ተንሸራታ ተቀመጠች። እነሱም አልሄዱም፣ አልተናገሩምም። መርዶ በተዘጋ በር አይነገርም፤ የሚወዷት ሰዎች ደግሞ ሥርዓት አዋቂዎች ናቸው።



የጋሽ መኩሪያ ስልክ ጠራ። ጋሽ መኩሪያ እንግሊዝኛ ሲናገሩ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከአውቶቡስ ሞተር ጋር ሲጯጯሁ እንደኖሩት ነው፤ ድምፃቸውን መዳፍም በርም አይመልሰውም። አዎ ጌታዬ፣ አሉ፤ እናትየው በር ላይ ነን፣ ገና አልነገርናትም። አይ፣ እሷ የምታውቀው ነገር የለም፣ ተራራ ነገር አትወድም። ደጋግመውም ተናገሩ፤ በየት በኩል እንደሄዱ የሚያውቅ ሰው የለም። አሁንም በረዶው የተናደበትን ነው የምትቆፍሩት? እስካሁን ምንም?

ውብነሽ እጆቿን ከጆሮዎቿ አወረደች።

የት ነው የሚቆፍሩት?

ብሩክታዊት እኮ እዚያ አልሄደችም። ነፋሱ በረዶ ከምሮበታል ብላ ትታው ነው። ከትንሿ ሐይቅ በስተግራ፣ ፀሐይ የማይነካው ጎን ነው ያለችው። በዚህ ዓለም ላይ ያን የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፤ እሱም ኬንቲሽ ታውን፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በር ቆልፎ ወለል ላይ ተቀምጧል።

ድምፅዋ እንደዚያ ቀን አልወጣ አላት። እማዬ፣ ያዝሽኝ? አለች ልጅቷ ከላይ። ውብነሽ ተነሣች፤ ሰንሰለቱን ልታወጣ ስትል ሁለት ጊዜ ሳተችው። በሩን ስትበረግደው ኂሩት እጇን ዘርግታ ልታቅፋት መጣች። ውብነሽ ገፋ አደረገቻትና ከጋሽ መኩሪያ እጅ ስልኩን ነጠቀች። ሽማግሌ አክብራ የኖረች ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ነጠቀች።

«እናቷ ነኝ!» ብላ ጮኸች በእንግሊዝኛ። «እዚያ አይደሉም! ከኋላ ናቸው!»

በስልኩ ማዶ ያለው ሰውዬ የነፍስ አድን ቡድኑ መሪ ነበር። ረጋ ብሎ ጠየቃት፤ የትኛው ሐይቅ? ትንሹ። በስተቀኝ ወይስ በስተግራ? በስተግራ። ርግጠኛ ነሽ? ውብነሽ ልጇ ያለቻትን ቃል በቃል፣ አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ እየገለበጠች፣ «ኢዚ ነው፣ ፕሮሚስ» የሚለው ሳይቀር ነገረችው። ሰውዬው ከስልኩ ዘወር ብሎ ለሌላ ሰው ሲጮህ ሰማችው። ከዚያ ወደ እሷ ተመለሰና «ይህን ዛሬ ጠዋት ለምን አልነገራችሁንም?» አላት።

ስልኩን ለጋሽ መኩሪያ መለሰችላቸው።

ሰዎቹ ገቡ፣ ተቀመጡ። ቀስ በቀስ የሆነው ሁሉ ወጣ። ብሩክታዊት ለአደጋ ጊዜ ብላ ለጓደኞቿ የሰጠችው ስልክ የእናቷን ሳይሆን የኂሩትን ነበር። «እማዬ ብቻዋን እያለች እንዲህ ያለ ወሬ እንዳይደርሳት» ብላ ቀደም ብላ ለኂሩት ነግራት ነበር። ለጓደኞቿ ልትልክ ያሰበችው መልእክትም ከተራራው ሳይወጣ ቀርቷል። ፖሊስ ሊነጋጋ ሲል ለኂሩት ደወለ፤ ልጆቹ አልተመለሱም፣ ሊወጡበት ባሰቡት በኩል ትልቅ ናዳ ወርዷል፣ ከሥሩ እየተፈለጉ ነው አላት። ሌላ ቦታ ሄደው ሊሆን ይችል እንደሆነ፣ የብሩክታዊት እናት ጋ ወሬ እንዳለ ጠየቃት።

«እኔ...» አለች ኂሩት። «እናቷ ምንም አታውቅም አልኩት። እንዳትደውሉላት፣ እኛው በወጉ እንነግራታለን ብዬ የጋሽ መኩሪያን ስልክ ሰጠሁት። በናዳ ሥር ሲለኝ... አበቃ ብዬ ነው ውቤ። ብቻሽን ሆነሽ እንዳትሰሚው ብዬ ነው።»

«ሰው እስኪሟላ መኪና ውስጥ ተቀመጣችሁ» አለች ውብነሽ።

«አዎ።»

«ልጄ በረዶ ላይ ሆና፣ እናንተ መብላቴን ጠየቃችሁ።»

ውብነሽ የበለጠ ልትናገር ነበር፤ ብዙ ክፉ ቃል አፏ ላይ መጥቶ ነበር። ግን በሩን የቆለፈችው እሷ ናት፤ ጆሮዋን የደፈነችውም እሷ ናት። ስለዚህ የኂሩትን እጅ እስኪያማት ድረስ ጨምድዳ ይዛ ተቀመጠች። ዲያቆን ጢሞቴዎስ ውዳሴ ማርያም በለሆሳስ ይደግማል። ጋሽ መኩሪያ ስልኩን ጠረጴዛው መሀል አኖሩት፤ ሁሉም እሱን ያያል። መስኮቱ ላይ ብርሃኑ ዞረ። ሄሊኮፕተር ደመናው ስለማያስገባው በእግር እየሄዱ ነው የሚል መልእክት መጣ። ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም። ያ ሰዓት ከሌሊቱ ሁሉ ይብስ ነበር፤ ሌሊቱን ተስፋዋ ሰነፍ ሆኖ ተኝቶላት ነበር፣ አሁን ነቅቶ ይቦጫጭራታል።

ስልኩ ሲጠራ ማንም አልደፈረም። አዲስዓለም ዓይኗን ጨፈነች። ጋሽ መኩሪያ ሊያነሡ እጃቸውን ዘረጉና፣ አንድ ነገር እንደታሰባቸው ሁሉ መለሱት።

«አንቺ አንሺው» አሏት።

አነሣችው።

ተገኝተዋል፣ አላት ሰውዬው። ሁለቱም በሕይወት አሉ። ኬቲ ወድቃ እግሯ ተሰብሯል፤ ልጅሽ ቋጥኝ ሥር ጎትታ አስጠግታት፣ ትታት አልሄድም ብላ አብራት አድራለች። የኬቲን አንዱን ጓንት ነፋስ ስለወሰደው የራሷን አድርጋላታለች። እጇ ጥሩ አይደለም።

ቤቱ በእልልታና በለቅሶ ሲሞላ ውብነሽ ጓንት የሚለውን ቃል ብቻ ይዛ ቀረች።

ብሩክታዊት ከስኮትላንድ ሆስፒታል ስትወጣ ከግራ እጇ የሁለት ጣቶች ጫፍ ጎድሎ ነበር። ቀደም ብለው ቢደርሱ ይተርፉ ነበር ወይ ተብሎ ሐኪሙ ሲጠየቅ «ማንም በርግጠኝነት ሊናገር አይችልም» አለ። ለኂሩት ይህ መልስ በቂ አልሆነላትም። ልጅቷን ባየች ቁጥር ዓይኗ ወደዚያ እጅ ይሄዳል። ብሩክታዊት ደግሞ እየሳቀች «አክስቴ፣ ኮምፒዩተር ለመምታት ስምንቱ ይበቁኛል» ትላታለች፤ ይኼኔ ኂሩት ይብስባታል። አሁን ለውብነሽ ስትደውል ገና ሰላም ሳትል «ምንም የለም፣ ሁሉም ደህና ነው» ብላ ነው የምትጀምረው።

ዓመቱ ዞሮ ጥር መጣ። ብሩክታዊት ቦርሳዋን በር ላይ አቁማ፣ ገመዷን ጠቅልላ ትከሻዋ ላይ አደረገች። ውብነሽ መጥረቢያውንም፣ ጥርሳሙን ብረትም፣ ሁለት ትርፍ ጓንትም ቦርሳው ውስጥ መኖሩን በእጇ ዳሰሰች። «አትሂጂ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር፤ ዋጠችው።

«አንድ ነገር ከሆንሽ ለማን ነው የሚደወለው?» አለቻት።

«ላንቺ።»

«ብቻዬን ብሆንም?»

«ብቻሽን ብትሆኚም።»

«በሌሊትም ቢሆን? ቁርስ ሳልበላም?»

ብሩክታዊት መሳቅ ጀምራ ነበር፤ የእናቷን ፊት አየችና ተወችው። ጫፋቸው በጎደለው ጣቶቿ የእናቷን ጉንጭ ነካች።

«ቁርስ ሳትበዪም፣ እማዬ።»

ልጅቷ ደረጃውን ወረደች። ውብነሽ በሩን ገርበብ አድርጋ ሳትቆልፈው ተወችው፤ የስልኩን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችና ወጥ ቤት ገብታ ለመፍራት ተቀመጠች።